ዘፈቀደ ወይስ ዕጣ? በጥናት ውስጥ ቀን ስለመምረጥና ስለ ሼል ስክሪፕት

በድኅረ ምረቃ የመመረቂያ ጽሑፎች የአጠናን ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይገኛል፤ «መረጃው የተሰበሰበባቸው ቀናት በዘፈቀደ ተመርጠዋል» የሚል። የጤና ጣቢያ የተመላላሽ ሕሙማን መዝገብ የሚያጠናው፣ የአደባባይ የተሽከርካሪ ፍሰት የሚቆጥረው፣ የቆዩ የጋዜጣ ዕትሞችን የሚተነትነው፣ የእህል ዋጋ የሚመዘግበው ተማሪ ሁሉ ይህንኑ ይጽፋል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ስለሆነ ፈታኞችም አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠይቁት ያልፉታል። ቀናቱ ከስንት ቀናት መካከል እንደ ተመረጡ፣ በምን መሣሪያ እንደ ወጡ፣ ዕጣው አንድ ጊዜ ይሁን አሥር ጊዜ እንደ ተሞከረ ግን ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። የጥናቱ ውጤት በሙሉ የተመሠረተው በእነዚያ ቀናት ላይ ቢሆንም አንባቢው ያለው ማስረጃ የተማሪው ቃል ብቻ ነው።

ቃሉ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው፤ «ዘፈቀደ» ደግሞ የወደደው፣ የፈለገው ማለት ይሆናል። በዕለት ተዕለት አማርኛም አንድ ሰው «በዘፈቀደ ሠራ» ሲባል ሕግና ሥርዐት ሳይከተል እንደ ፈቃዱ አደረገ ማለት እንጂ ፈቃዱን ለዕድል አሳልፎ ሰጠ ማለት አይደለም። የናሙና ሳይንስ የሚጠይቀው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የመራጩ ፈቃድ ከምርጫው ውስጥ ጨርሶ እንዲወጣ ይፈልጋል። ለዚህ አማርኛ ቀድሞም ትክክለኛ ቃል አለው፤ «ዕጣ» ይባላል። የአማርኛ ትምህርት ተመራማሪዎች «ቀላል የዕጣ ናሙና» ማለታቸው ከሌሎቹ የትምህርት ክፍሎች ይልቅ ትክክለኛ ነው። የዕቁብ አባላት ዕጣ እንዴት እንደሚወጣ ያውቃሉ። የሁሉም ስም በወረቀት ይጻፋል፤ ወረቀቱ በአንድ ዓይነት ይጠቀለላል፤ ሁሉም እያየ አንዱ ይወጣል። የዕቁቡ ዳኛ «ትናንት ማታ ቤቴ ሆኜ በዘፈቀደ እገሌን መርጫለሁ» ቢል በዚያ ዕለት ዕቁቡ ይፈርሳል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዕቁብ ያነሰ መተማመኛ የሚበቃበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

ዕጣ በይፋ መውጣቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነም የታሪክ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 የአሜሪካ መንግሥት ለቬትናም ጦርነት የሚመለመሉ ወጣቶችን ቅደም ተከተል በልደት ቀናቸው ዕጣ ለመወሰን ሥነ ሥርዐቱን በቴሌቪዥን አስተላለፈ። የዓመቱ 366 ቀናት እያንዳንዳቸው በፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ ተደርገው ነበር። ቀፎዎቹ ወር በወር ተራ ወደ ሣጥን ስለ ገቡና በበቂ ሁኔታ ስላልተደባለቁ፣ በመጨረሻ የገቡት የዓመቱ መገባደጃ ወራት ከላይ ቀርተው ቀድመው ወጡ። ዕጣው ሚዛናዊ ቢሆን ኖሮ የእያንዳንዱ ወር አማካይ የዕጣ ቁጥር ወደ 183.5 ይቀርብ ነበር። የጃንዩዋሪ አማካይ 201.2 ሲሆን የዲሴምበር ግን 121.5 ሆነ። ዝቅተኛ ቁጥር ማለት ቀድሞ መዝመት ስለነበር በዲሴምበር መወለድ በራሱ ወደ ጦር ሜዳ የሚያቀርብ ሆኖ ነበር። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ስቲቨን ፋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1971 ጉዳዩን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ተንትኖ አሳትሟል። በቀጣዩ ዓመት ዕጣ ቀናቱ በአንድ ከበሮ፣ ቁጥሮቹ በሌላ ከበሮ ሆነው፣ አገባባቸውም ቀድሞ በተሰናዳ የዕጣ ሰንጠረዥ ተወስኖ ወጣ። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ነጥብ ስሕተቱ እንዴት እንደ ታወቀ ነው። የአሠራሩ እያንዳንዱ እርምጃ ስለ ተመዘገበና ውጤቱ በሙሉ ስለ ታተመ ማንም ሰው ሊመረምረው ቻለ። «በዘፈቀደ ተመርጠዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለምርመራ የሚሆን ምንም ነገር አይተውም።

ዛሬ ይህን ሥራ ለኮምፒውተር መስጠት ቀላል ነው፤ ከሁሉም መሣሪያዎች ደግሞ የሼል ስክሪፕት ይመረጣል። በተመን ሉህ ላይ የወጣ ዕጣ ፋይሉ በተከፈተ ወይም አንድ ሕዋስ በተነካ ቁጥር ይለዋወጣል፤ የትኛው ውጤት የመጀመሪያው እንደነበር ማረጋገጥ አይቻልም። በኢንተርኔት ዕጣ የሚያወጡ አገልግሎቶች ደግሞ ውስጣቸው አይታይም፣ ነገ ሊዘጉም ይችላሉ። የሼል ስክሪፕት ግን ተራ ጽሑፍ ነው፤ ከሃያ መስመር አይበልጥም፤ በአባሪ ይታተማል፤ ኢንተርኔት በሌለበት የመስክ ጣቢያም ይሠራል። ይሁን እንጂ ስክሪፕት መሆኑ ብቻውን ከስሕተት አያድንም። በተለይ ቀን ከሌሎች ቁጥሮች የተለየ ጠባይ ስላለው ተማሪዎች የሚሠሯቸው ስሕተቶች ተደጋጋሚና ሊተነበዩ የሚችሉ ናቸው።

የመጀመሪያውና በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር እጅግ የሚከፋው ስሕተት ቀንን ከክፍሎቹ መገጣጠም ነው። ተማሪው ከ1 እስከ 13 አንድ ወር በዕጣ ያወጣል፤ ከዚያም በወሩ ውስጥ ካሉት ቀናት አንዱን ያወጣል። ሲታይ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አካሄድ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለ እያንዳንዱ ቀን የመውጣት ዕድሉ 1 ከ390 ሲሆን፣ አምስት ቀን ብቻ ያላት የጳጉሜን እያንዳንዱ ቀን ግን 1 ከ65 ይሆናል፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ጳጉሜን ከዓመቱ ቀናት 1.4 በመቶ ገደማ ሆና ሳለ የዕጣውን 7.7 በመቶ ትወስዳለች። 60 ቀናት ለሚያስፈልጉት የጤና ጣቢያ ጥናት ይህ ማለት ከአንድ ያነሰ ቀን በሚጠበቅበት ቦታ ከአራት በላይ ቀናት ከጳጉሜን ይመጣሉ። ጳጉሜን ደግሞ እንደ ማንኛውም ሳምንት አይደለችም፤ የክረምቱ ማብቂያ፣ የጠበል ሰሞን፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ናት። በእነዚያ ቀናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣውም የማይመጣውም ሕመምተኛ ከወትሮው የተለየ ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የሚሠሩትም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። የካቲት 30 የምትባል ቀን በፈረንጆቹ እንዳትወጣ ብለው ቀኑን ከ1 እስከ 28 የሚገድቡ ስክሪፕቶች የወር መጨረሻን ጨርሰው ያጠፋሉ። የደመወዝ ወይም የገበያ ጥናት የሚሠራ ሰው የወር መጨረሻ ቢጠፋበት ምን እንደሚቀርበት ማስረዳት አያስፈልግም።

መፍትሔው ከዕቁቡ የተለየ አይደለም፤ በመጀመሪያ ወረቀቶቹን ሁሉ መጻፍ ነው። ስክሪፕቱ ከጥናቱ መነሻ ቀን እስከ መድረሻው ያሉትን ቀናት አንድ በአንድ፣ በየመስመሩ አንድ ቀን አድርጎ ይዘረዝራል። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ለእያንዳንዱ ወር 30 መስመር ይጽፋል። ለጳጉሜን 5 ይጽፋል፤ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል 3 የሚተርፈው ከሆነ፣ ማለትም ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ከሆነ፣ 6 ይጽፋል። ከዚያም ዝርዝሩ «ሹፍ» ለተባለው ትእዛዝ ይሰጣል፤ እርሱም መስመሮቹን አደባልቆ የተፈለገውን ያህል ሳይደግም ያወጣል። ይህ ዝርዝር በናሙና ቋንቋ የናሙናው ማዕቀፍ ነው። አንባቢው ዝርዝሩን አይቶ የትኛው ቀን ዕድል እንደነበረው፣ የትኛው እንዳልነበረው በዓይኑ ያረጋግጣል። ፍጥነት የሚሻ ሰው ይህን አሠራር ግልብ ሊለው ይችላል፤ ሆኖም የሃምሳ ዓመት ቀናት እንኳ ቢዘረዘሩ ከሃያ ሺህ መስመር አያልፉም፤ ይህ ለኮምፒውተር ከቁጥር የሚገባ ሥራ አይደለም።

ዝርዝር ሳያወጣ በስሌት ብቻ መሥራት የሚፈልግ ሰው የቀን ተራ ቁጥርን መጠቀም ይችላል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለዚህ ከጎርጎርዮሱ ይልቅ ምቹ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ክፍልፋይ የሌለው ድርሻ ይደመርበታል፤ ወሩ በ30 ተባዝቶ ይደመራል፤ በመጨረሻም ቀኑ ይደመራል። የሁለት ቀናት ልዩነት የሁለቱ ተራ ቁጥሮች ልዩነት ነው። የዩኒክስ ሥርዐቶች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ስለሆነና ይህም ቀን ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ስለሚውል፣ ከተገኘው ድምር 716763 ሲቀነስ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የቀን ቁጥር ይገኛል። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በዚህ ስሌት 13768 ይሆናል፤ ይህን በ86400 ሰከንድ አባዝቶ «ዴት» ለተባለው ትእዛዝ መስጠት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007ን ያስገኛል። እግረ መንገድ ሊጠቀስ የሚገባው አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ያልተቀነሰው ድምር ለሰባት ሲካፈል የሚተርፈው ቁጥር ዕለቱን ይነግራል፤ 1 ሲተርፍ እሑድ፣ 2 ሲተርፍ ሰኞ፣ 4 ሲተርፍ ረቡዕ፣ 5 ሲተርፍ ሐሙስ ነው፤ ምንም ካልተረፈ ቅዳሜ። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ቀሪው ቁጥርና የዕለቱ ስም አንድ መሆናቸው ስሌቱን ለማስታወስ ይረዳል።

የዕለቱ መታወቅ ተግባራዊ ጥቅምም አለው። ገበያ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በሚቆምበት ወረዳ የገበያ ቀን የጤና ጣቢያውን ወረፋ፣ የመንገዱን ፍሰት፣ የፍርድ ቤቱን ባለጉዳይ ቁጥር ይለውጣል። በጋዜጣ ይዘት ትንተና ደግሞ የዕለት ጋዜጣ ከሳምንቱ ቀን ጋር አብሮ ስለሚለዋወጥ ከዓመቱ ሰኞዎች አንዱን፣ ከማክሰኞዎች አንዱን እያሉ «የተገነባ ሳምንት» ማዘጋጀት የተለመደ ነው፤ ሪፍ፣ ኦስትና ሌሲ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ለአንድ ዓመት የዕለት ጋዜጣ ሁለት የተገነቡ ሳምንታት እንደሚበቁ አሳይተዋል። በዝርዝር ለሚሠራ ስክሪፕት ይህ ዝርዝሩን በሰባት ከፍሎ ከእያንዳንዱ ሁለት ማውጣት ብቻ ነው።

ቁጥር ስለሚያመነጨው ክፍል ደግሞ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ባሽ በተባለው ሼል ውስጥ «ራንደም» የሚባል ተለዋዋጭ አለ፤ በተጠራ ቁጥር ከ0 እስከ 32767 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይሰጣል። የብዙ ተማሪዎች ስክሪፕት ይህን ቁጥር ለቀናቱ ብዛት አካፍሎ ቀሪውን ይወስዳል። ለአንድ ዓመት የሚከሰተው መዛባት ኢምንት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 283 ቀናት 90 ዕድል ሲኖራቸው የቀሩት 82 ቀናት 89 ይኖራቸዋል። ለዚህ ሲባል ተማሪን ማስጨነቅ ከንቱ ነው። የጊዜው ክልል ሲረዝም ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ለሙከራ የሚሆኑ የልደት ቀናትን በ60 ዓመት ክልል ውስጥ ለማመንጨት በተሠራ ስክሪፕት ከ21915 ቀናት የመጀመሪያዎቹ 10853 ከቀሩት እጥፍ ዕድል አላቸው፤ የዕድሜ ስርጭቱ በመካከል ተሰብሮ ይወጣል። ክልሉ መቶ ዓመት ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዎቹ 3757 ቀናት፣ ከአሥር ዓመት በላይ ማለት ነው፣ ፈጽሞ አይወጡም። ቀን ሳይሆን ሰከንድ የሚያወጣ ሰው ያንኑ ተለዋዋጭ በመነሻው ጊዜ ላይ ቢደምር ከመነሻው ከ9 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሊያልፍ አይችልም። ስክሪፕቱ በዚህ ሁሉ ምንም የስሕተት መልእክት አያወጣም፤ ቀን የሚመስል ነገር እያተመ ይቀጥላል። «ሹፍ» ግን የቁጥሩን ክልል ራሱ ተቀብሎ ለሁሉም እኩል ዕድል ስለሚሰጥ ከዚህ ወጥመድ ነጻ ነው።

የሰዓት ክልል ሌላው ምንጭ ነው። በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሲሆን በዓለም አቀፉ መለኪያ ገና ያለፈው ቀን 21 ሰዓት ነው። የአካባቢውን እኩለ ሌሊት ወደ ሰከንድ ለውጦ ለ86400 የሚያካፍል ስክሪፕት ስለዚህ የአንድ ቀን ወደ ኋላ መንሸራተት ያመጣል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተቀምጦ የኢትዮጵያን መረጃ የሚያጠና ተማሪ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለበት፤ በዚያ ሰዓቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚለወጥ በክረምታቸው ጀምሮ በበጋቸው የሚያልቅ ክልል በሰከንድ ሲለካ አንድ ሰዓት ይጎድለዋል፤ ክፍፍሉም ክፍልፋዩን ስለሚጥል የመጨረሻው ቀን ከዕጣው ይወድቃል። ሁሉንም ስሌት በዓለም አቀፉ ሰዓት መሥራት ሁለቱንም ያስቀራል። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 5 ያለው ልዩነት 364 ሆኖ ቀናቱ ግን 365 መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የቴክኒክ ጉዳይ ስለሆነ በግማሽ ቀን ይታረማል። ከዚህ የሚከብደው ሰው የሚያመጣው ነው። ስክሪፕት ዕጣ ማውጣትን ቀላል ስላደረገው ዕጣን መድገምንም ቀላል አድርጎታል። የወጡት ቀናት ሦስቱ በዝናብ ወር፣ ሁለቱ ለትራንስፖርት በማይመች ሳምንት ቢሆኑ ተማሪው ትእዛዙን እንደገና ያስኬዳል፤ አሁንም ካልተመቸው ይደግማል። በመጨረሻ የተቀበለው ዝርዝር በዕጣ የወጣ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ዘፈቀደ ነው፣ በቃሉ የግእዝ ትርጉም። ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ የመስክ አበል ለተወሰኑ ቀናት ብቻ የተፈቀደለት ተማሪ የሚደርስበት ጫና እውነተኛ ነው። ቢሆንም ከአዲስ አበባ ለመድረስ አመቺ በሆኑ ሳምንታት ብቻ የተሰበሰበ መረጃ ስለ ዓመቱ ሙሉ ሊናገር አይችልም።

መከላከያው መነሻ ቁጥርን ማስቀመጥ ነው። ኮምፒውተር ቁጥር የሚያመነጨው ሲድ ከሚባል መነሻ ተነሥቶ ስለሆነ ያው መነሻ ያንኑ ዝርዝር ይመልሳል። በባሽ «ራንደም»ን ከመጠቀም በፊት ቁጥር መስጠት ይበቃል፤ በ«ሹፍ» ደግሞ ዕጣው የሚነበብበትን የባይት ፋይል መወሰን ይቻላል። መነሻውን ግን ተማሪው ራሱ መምረጥ የለበትም፤ አሥር መነሻ ሞክሮ አንዱን መምረጥ ዕጣውን አሥር ጊዜ ከመድገም አይለይምና። ከእጁ ውጭ የሆነ ቁጥር፣ ለምሳሌ ጥናቱን የፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደብዳቤ ቁጥር፣ መነሻ እንደሚሆን በጥናቱ ንድፍ ላይ አስቀድሞ ቢጻፍ ጥርጣሬው ይወገዳል። የሶፍትዌሩ ዝርያም መመዝገብ አለበት። ባሽ ከ5.1 ጀምሮ የ«ራንደም» አመነጫጨትን ስለለወጠ በቀደመው ዝርያ የወጣ ዝርዝር በአዲሱ ላይ በተመሳሳይ መነሻ ያው ሆኖ አይወጣም፤ ለማግኘት ሼሉ በቀደመው ዝርያ ባሕርይ እንዲሠራ ማዘዝ ያስፈልጋል። ማክ ኮምፒውተር ላይ ያለው «ዴት»ም ሊኑክስ ላይ ካለው የተለየ የትእዛዝ አጻጻፍ ይጠቀማል። አባሪው ላይ አንድ መስመር መጨመር ከዚህ ሁሉ ውዝግብ ያድናል።

በዓላትም እንዲሁ ቀድመው መታሰብ አለባቸው። ዕጣው በጥምቀት ወይም በዒድ ቢወድቅና ቢሮው ዝግ ቢሆን ብዙዎች «በማግስቱ ተሰብስቧል» ብለው ያልፋሉ። ይህ ሲደረግ የበዓል ማግስት ሁለት ዕድል ያገኛል፤ የበዓል ማግስት ደግሞ ወረፋው ከወትሮው የተለየ ነው። ዝግ የሚሆኑ ቀናት ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ከዝርዝሩ ይሰረዙ፤ ስንት እንደ ተሰረዙም ይጻፍ። ያልታሰበ ዝግ ቀን ቢያጋጥም የሚተካው በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ዕጣ ቀጥሎ በወጣው ቀን ነው፤ ለዚህም ሲባል ከሚያስፈልገው ጥቂት ጨምሮ ማውጣት ይገባል።

መነሻ ቁጥር ይታተም የሚለው ሐሳብ ግን በሁሉም ቦታ አይሠራም፤ በአንድ ጉዳይ ላይ እንዲያውም አደገኛ ነው። የሕሙማንን ማንነት ለመሰወር ቀናትን በዕጣ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማሸሽ የታወቀ ዘዴ ነው። ሚሚክ ሦስት በተባለው የአሜሪካ የጽኑ ሕሙማን የመረጃ ቋት የእያንዳንዱ ሕመምተኛ ቀናት በአንድ የዕጣ ርቀት ተገፍተው እ.ኤ.አ. ከ2100 እስከ 2200 ባሉት ዓመታት ውስጥ እንዲወድቁ ተደርገዋል። የአንድ ሰው ቀናት ሁሉ በእኩል ስለሚገፉ በመግቢያና በመውጫ መካከል ያለው ጊዜ አይዛባም፤ የሳምንቱ ዕለትና በግርድፉ ወቅቱም ተጠብቀዋል። እዚህ መነሻ ቁጥሩን ከመረጃው ጋር ማተም ቁልፍን በበሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው፤ ማንም ሰው ስክሪፕቱን አስኪዶ እውነተኛውን ቀን ይመልሳል። የባሽ «ራንደም» በ32768 ዋጋዎች የተገደበ በመሆኑም መነሻው ባይታተም እንኳ ለምስጢር ሥራ አይታመንም። በኢትዮጵያ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። በሰባት ብዜት መግፋት የረቡዕንና የዓርብን ጾም በቦታቸው ይጠብቃል፤ ዐቢይ ጾምን ግን አይጠብቅም። የሥነ ምግብ መረጃን እንዲህ አድርጎ ለሌሎች የሚሰጥ ተመራማሪ እያንዳንዱ ቀን በ55ቱ ቀናት ጾም ውስጥ ይውል ወይም አይውል እንደሆነ በሚገልጽ ምልክት አስቀድሞ ካላስቀመጠ ተቀባዩ የእንስሳት ተዋፅኦ ለምን በድንገት እንደ ጠፋ ፈጽሞ ሊረዳ አይችልም።

በዕጣ የተሞሉ ቀናት ተማሪው ሳያውቀው ከሌላ ሰው መረጃ ጋርም ይመጣሉ። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች እናት የልጇን የትውልድ ወር ሳታስታውስ ስትቀር ሊሆን በሚችለው ክልል ውስጥ ወሩ በዕጣ ይሞላል፤ እንዲህ የተሞላ መሆኑም በሌላ ተለዋዋጭ ይመለከታል። የኢትዮጵያው መረጃ ወራት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለ ተመዘገቡ ከሌላ አገር ጋር ለማነጻጸር የወር ኮዱ ላይ 92 መደመር ያስፈልጋል። ይህን ምልክት ሳያይ የልደት ወርን ከዝናብ ወቅት ጋር የሚያዛምድ ተማሪ በከፊል የሚያጠናው የኮምፒውተር ዕጣን ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ የማስተርስ ጥናት ይበዛል የሚሉ አማካሪዎች ይኖራሉ። ተማሪው ያለው ጊዜ አጭር፣ ገንዘቡ ጥቂት፣ ሼል የሚባለውን ነገርም ከኮምፒውተር ሳይንስ ውጭ ያሉ የትምህርት ክፍሎች አያስተምሩትም ይላሉ። የመጨረሻው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያሳየው የማስተማሪያ ጉድለትን እንጂ የጥንቃቄውን መብዛት አይደለም። የአጠናን ዘዴ ኮርስ ከሚሰጣቸው ሰዓታት ሁለቱ ቀናትን ለሚዘረዝርና ዕጣ ለሚያወጣ ስክሪፕት ቢውሉ ይበቃሉ። ስክሪፕት መጻፍ ለማይፈልግም ቢሆን ቀናቱን በወረቀት ጽፎ፣ ከምስክር ፊት ከባርኔጣ አውጥቶ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት ሊኖረው ይገባል።

ትምህርት ክፍሎች ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። ቀን በዕጣ መርጫለሁ የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ የቀናቱን ሙሉ ዝርዝር፣ ከዝርዝሩ የተሰረዙትን፣ ስክሪፕቱን፣ መነሻ ቁጥሩንና የሶፍትዌሩን ዝርያ በአባሪ እንዲያያይዝ መጠየቅ ይችላሉ። ጽሑፉ በሚቀርብበት ዕለት የውጭ ፈታኙ ስክሪፕቱን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያስኬደዋል፤ ከአንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚወጡት ቀናት በአባሪው ላይ ያሉት ራሳቸው ከሆኑ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል።